በገና ሰሞን እናትን ይዞ ወደ ካፕሪ ሰማያዊ ዋሻ ስለመሄድ

እህታችን፣ ልጅዎ ናፖሊ እንደምትሠራና ለገና ሰሞን ከእናትዎ ጋር ልትጠይቋት እንዳሰባችሁ ገልጸው፣ ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው፣ ካፕሪ ደሴት ላይ ያለው «ግሮታ አዙራ» የተባለው ሰማያዊ የባሕር ዋሻ ዕድሜያቸው ሰባ ለተጠጋ እናት ይመቻል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የድሬዳዋ ልጅ በከተማው አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ካየ በኋላ ዋሻ ለማየት ባሕር መሻገሩ ምን ይጨምርለታል የሚል ነው። ናፖሊ ለሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶችንና ወዳጆችን ወደዚያ ስወስድ ስለቆየሁ የማውቀውን በዝርዝር እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን መልሴን ላስቀምጥ፦ ዋሻው በእርግጥ የሚታይ ነው፤ በገና ሰሞን፣ ያውም ለእናትዎ ተብሎ የሚታሰብ ከሆነ ግን አልመክርም።

ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በመግቢያው ነው። ከባሕሩ በላይ የሚታየው የዋሻው አፍ ስፋቱ ሁለት ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ተቀምጦም ሆነ ጎንበስ ብሎ ማለፍ አይቻልም። በሞተር ጀልባ የመጣ ሰው ዋሻው ፊት ለፊት ሲደርስ ቢበዛ አራት ሰው ወደምትይዝ ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ይዛወራል፤ ለአዛውንት ከሁሉ የሚከብደውም ይህ መዛወር ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ጀልባዎች እኩል አይነሡም፣ እኩልም አይወርዱም፤ አንዱን እግር አንሥቶ ሌላው ላይ ለማሳረፍ ጉልበትም ድፍረትም ይጠይቃል። ከዚያ ቀዛፊው ተሳፋሪዎቹን በጀልባዋ ወለል ላይ በጀርባቸው ያስተኛቸዋል፤ አንዱ ሌላውን ተደግፎ ስለሚተኛ የማያውቁት ሰው ጭንቅላት ደረትዎ ላይ ቢያርፍ አይደነቁ። ወለሉ ውሃ ስለማያጣው ጀርባ መርጠቡ አይቀርም። ቀዛፊው መቅዘፊያዎቹን ሰብስቦ በድንጋዩ ላይ የታሰረውን ሰንሰለት ይይዝና ማዕበሉ ዝቅ የሚልበትን ቅጽበት ይጠብቃል፤ ዝቅ ሲል ራሱም ወደ ኋላ ተንጋሎ ሰንሰለቱን በኃይል ይስባል፣ ጀልባዋም በድንጋዩ ሥር ሾልካ ትገባለች። ራሱን ቀድሞ ቀና ያደረገ ሰው ግንባሩን ከአለት ጋር ያጋጫል፤ ስለዚህ ቀዛፊው ተነሡ እስኪል ድረስ መተኛት ግድ ነው።

ውስጡ ስድሳ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ሃያ አምስት ሜትር ያህል የሚሰፋ ጨለማ አዳራሽ ሲሆን፣ የሚያበራው ውሃው ራሱ ነው። ቀለሙን በቃል መግለጽ አልችልም፤ አመጣጡን ግን ማስረዳት ይቻላል። ከሚገቡበት ጠባብ አፍ በታች፣ ከባሕሩ ሥር፣ ከእርሱ እጅግ የሚሰፋ ሌላ መግቢያ አለ። የፀሐይ ብርሃን በዚያ በኩል በውሃ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ቀዩ ወገን በውሃው ተውጦ ይቀርና ሰማያዊው ብቻ ወደ ዋሻው ይደርሳል። እጅዎን ውሃው ውስጥ ቢያስገቡ በቆዳዎ ላይ የተጣበቁት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች እጅዎን እስከ አንጓው ብር ያስመስሉታል፤ ለእኔ ከዋሻው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቀዛፊዎቹ አዳራሹ ድምፅ ስለሚያስተጋባ የናፖሊ ዘፈን ያንጎራጉራሉ፤ አንዳንዱም በእውነት ያምርበታል። ይህ ሁሉ ግን ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ውጭ የተሰለፈው ጀልባ ብዙ ስለሆነ አንድ ሁለት ዙር አዙረው ያወጡዎታል።

ከፖርክ ኤፒክ ጋር ላነጻጽረው ብል፣ ሁለቱም የኖራ ድንጋይ ውስጥ የተፈጠሩ ከመሆናቸው በቀር የሚያመሳስላቸው ጥቂት ነው። የእኛው ዋሻ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ተራራ ወጥተው የሚደርሱበት ደረቅ ዋሻ ነው፤ ፈረንሳውያኑ አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርዳን በ1929 እ.ኤ.አ. ካገኙት ወዲህ በተካሄዱት ቁፋሮዎች ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የፈጩት ቀይ አፈር ሳይቀር የተገኘበት በመሆኑ ክብሩ በሰው ታሪክ ነው። የካፕሪው ዋሻ ክብሩ በብርሃኑ ነው። ታሪክ የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ከ27 እስከ 37 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በደሴቲቱ ኖሯል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዋሻው ወለል የሮማውያን ዘመን የእምነበረድ ሐውልቶች ወጥተው አሁን በዚያው ደሴት ላይ ባለችው አናካፕሪ ከተማ ውስጥ «ካዛ ሮሳ» በተባለው ቤት ይታያሉ። በዘመናችን ዝናው የወጣው አውጉስት ኮፒሽ የተባለ ጀርመናዊ ከአንድ የአገሬው ዓሣ አጥማጅ ጋር በ1826 እ.ኤ.አ. ከገባበት በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱን ማየት ሌላውን አይተካም፤ ብዙ የድሬ ሰው ፖርክ ኤፒክን በስም እንጂ በአካል አለማየቱ ግን ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

አሁን ወደ ወቅቱ ልመለስ። ባሕሩ ትንሽ ከተነሣ ያች አንድ ሜትር ክፍተት በማዕበል ስለምትሞላ ዋሻው ይዘጋል። በክረምታቸው፣ ማለትም በእኛ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ተዘግቶ የሚውልበት ቀን ይበዛል፤ ክፍት ቢሆን እንኳ ደመና በሸፈነው ቀን ሰማያዊው ቀለም ይደበዝዛል። ብርሃኑ የሚጎላው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥርት ባለ ፀሐይ ነው። ከናፖሊ ካፕሪ ድረስ ፈጣኑ መርከብ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ጉዞ ቢሆንም፣ በዚያ ወቅት ባሕር ለምዶ የማያውቅን ሰው ክፉኛ ሊያስመልስ ይችላል። ገንዘቡንም ቢያስቡት መልካም ነው፦ ከማሪና ግራንዴ ወደብ የሚወስደው የሞተር ጀልባ፣ የመቅዘፊያ ጀልባውና የመግቢያው ክፍያ ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ቀዛፊውም ጉርሻ ይጠብቃል። ከአናካፕሪ በአውቶቡስ ወርዶ በደረጃ በቀጥታ ወደ መቅዘፊያዋ ጀልባ መግባት ስለሚቻል ግን የሞተሩን ክፍያም፣ ያንን አስቸጋሪ መዛወርም ማስቀረት ይቻላል። እርስዎና ልጅዎ አንድ ጸጥ ያለ ቀን ካገኛችሁ በዚህ መንገድ ሂዱ።

ለእናትዎ የማስበው ሌላ ዋሻ ነው። በአማልፊ የባሕር ዳርቻ፣ ኮንካ ዴይ ማሪኒ በምትባለው መንደር «ግሮታ ዴሎ ስሜራልዶ» የሚባል በ1932 እ.ኤ.አ. የተገኘ አረንጓዴ የባሕር ዋሻ አለ። ከአውራ ጎዳናው ዳር በአሳንሰር ወይም በደረጃ ተወርዶ ሰፋ ባለች ጀልባ ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ስለሆነ መተኛትም መሾለክም የለበትም። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት የኖራ ዘንጎች ብቻ ሳይሆኑ ከውሃው በታች የቆሙ ዓምዶችም ይታያሉ፤ እንዲህ ያለው ዓምድ የሚበቅለው ጠብታ ሲወርድበት፣ አየር ባለበት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ዋሻው ድሮ ደረቅ እንደነበር ያስረዳሉ። ከውሃው ሥር ከሸክላ የተሠራ የጌታ ልደት ትዕይንትም ተቀምጧል፤ ለገና ለሚሄዱ እናት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ይህም ቢሆን ባሕር ሲነሣ ይዘጋል፤ አሳንሰሩም ሁልጊዜ ላይሠራ ስለሚችል ልጅዎ በዋዜማው ደውላ ሁለቱንም ታረጋግጥ። የአማልፊ መንገድ ጠመዝማዛ ነውና እናትዎ መኪና የሚያዞራቸው ከሆነ ከፊት ወንበር ያስቀምጧቸው።