የባሕር ዳርቻ ሰርግ ለምታስቡ የድሬና የሐረር ልጆች

የድሬ ልጅ አሸዋ ብርቁ አይደለም። ደቻቱ ወንዛችን ሙሉ አሸዋ ነው። የጎደለው ውኃ ነው፣ እሱም ሲመጣ በጎርፍ ነው የሚመጣው። ታዲያ ከካናዳም ከጅዳም ደውላችሁ «ሰርጋችንን ባሕር ዳርቻ ልናደርገው ነው» ስትሉኝ አልስቅም። (ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ማለታችሁ እንዳልሆነ ለዘመድ አስረዱ። አንዱ ዘመዴ እዚያ ሆቴል ሊይዝ ነበር።) የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የትኛው ባሕር?

ዛንዚባር ያምራል። ሞምባሳም ያምራል። «የቤተሰባችን ወግ ይከበር» ካላችሁ ግን የድሬ ሰው ባሕር ጅቡቲ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር ያለውን ዳገት መውጣት ስለከበደው፣ እንደ ፈረንጅ በ1902 ታች ሜዳው ላይ ደረሰ። ድሬ የበቀለችው ከዚያ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። እናቴ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ጨርቁም የሚመጣው በዚያው ባቡር ነው፤ አንዳንዱ በቀረጥ፣ አንዳንዱ ደግሞ… ይቅር። እናንተ በቀለም ይድመቅልን የምትሉት ሰርግ፣ ያ ሁሉ ሽቲ ቀሚስ፣ ያ ሁሉ ሻሽ፣ መጀመሪያውኑም ከባሕሩ ወገን የመጣ ነው።

የእህቴን ልጅ ስንድር ይህ ሁሉ የታየን ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ለሃያ ስድስት ሴት አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጨርቅ ገዛን። ፎቶው ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መስለናል። ከጀጎል የመጣችው የእናቴ የዱሮ ደንበኛ ብቻ «ይሄንንማ አለብስም» ብላ፣ በሁለት ገጹ የሚለበሰውን የሐረሪ ቀሚሷን ለብሳ ከች አለች። ካሜራው ቀኑን ሙሉ እሷን ሲከተል ዋለ።

ስለዚህ ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። እናትሽ ስትዳር ምን ለብሳ ነበር? የአያትህ ቤት ለሙሽራ ምን ያሰፋ ነበር? የመንዝ ሰው ጥበቡን፣ የሐረር ሰው ቀሚሱን፣ የመጋላ ሰፈር ሴቶች ሽቲያቸውን ይልበሱ። ይዘበራረቅ። ድሬ መች አንድ ቀለም ሆና ታውቃለች? የግድ የሚያመሳስል ነገር ካላችሁ ሻሹ ይበቃል። የሚሰፋ ካለ ሐረር መኪና ግርግር ያሉ ልብስ ሰፊዎች እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን በቴሌግራም ፎቶ ብቻ አታሰፉ። የላካችሁት ልክ የዛሬ ዓመት ልክ ነው። ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዉላችሁ፤ ውጭ አገር ሰው ይወፍራል።

ነጠላ በባሕር ነፋስ አይያዝም፣ በመርፌ ቁልፍ አስይዙት። ካባ ይቅር። ከፈይ ለብሶ ጅቡቲ ላይ የቆመ ሙሽራ በእልልታ ሳይሆን በውኃ ነው የሚታጀበው። የአበባ ቅስቱም ይቅርባችሁ። የእኛን ነፋስ ሁለት ጊዜ ጣለው፣ ሦስተኛ ጊዜ ማንም አላነሣውም። በቦታው የሐረር ስፌት ዘርጉ፤ ትልልቆቹን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን። ከአክስቶቻችሁ ተዋሱ፣ አዲስ አትግዙ። አንዷ አክስት ሙዳይዋን ስታይ «ይሄ ለእኔ ሰርግ የተሰፋ ነው» ብላ ታሪኩን ለአርባ ሰው ማውራት ትጀምራለች። ያ በገንዘብ አይገዛም። ለጣፋጩ ከሐረር ሀልዋ፣ ከድሬ ሙሸበክ አስመጡ፤ መንገድ ይችላሉ። ዶሮ ወጥ ድንበር ለማሻገር ግን አትሞክሩ። እሱ ለመልስ፣ ድሬ፣ ጊቢው ውስጥ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ፓስፖርት። እናንተ ውጭ ስትኖሩ ረስታችሁት ነው እንጂ፣ የአክስቶቻችሁ ግማሽ ፓስፖርት አውጥተው አያውቁም። እናንተም ብትሆኑ ቢጫ ካርዳችሁ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ኢትዮጵያ ያስገባችኋል እንጂ ጅቡቲ አያስገባችሁም። ጅቡቲ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ስለዚህ የእንግዳ ዝርዝር ስትጽፉ ከስሙ አጠገብ «ፓስፖርት አለው፣ የለውም» የሚል መስመር አስምሩ። ያኔ ባሕሩ ዳር ሊገኝ የሚችለው ሰው ሠላሳም እንደማይሞላ ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ ደግ ነው። ጅቡቲ ውድ አገር ናት።

ሰርጉን ለሁለት ክፈሉት ማለቴ ነው። ዋናው እዚህ ይሁን። ተክሊል የምትገቡ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ አሸዋ ላይ ቄስ እናቁም የሚለውን ሐሳብ ለቄሱ ባትነግሯቸው ይሻላል። ኒካህ ከሆነም ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ በቤታችሁ ይታሰር። የጋብቻ ምዝገባውንም እዚሁ ጨርሱ፤ ያላገባችሁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከምትኖሩበት አገር ይዛችሁ ኑ፣ ያለ እሱ ትመላለሳላችሁ። ባሕሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ ሚዜዎቹንና መሄድ የሚችለውን ሰው ይዞ። ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም፣ የድሬ አዲሱ ጣቢያም እንደ ድሮው ከዚራ ሰፈር አፍንጫ ሥር አይደለም። ቀኑን ከባቡሩ ጋር አስተካክሉ እንጂ ባቡሩ ከእናንተ ጋር ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሌላው የዲያስፖራ ስሕተት የጊዜ ነው። ለፈረንጅ ገና ፈቃድ ይወጣና ሰርግ ይታሰባል። ያኔ ጾመ ነቢያት ነው፣ ተክሊል የለም። ታኅሣሥ 19 ደግሞ ቁልቢ ነው፣ ድሬ ላይ አልጋ የለም፤ ያለውም ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። ፈቃዳችሁን ወደ ጥር ግፉት። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ የጅቡቲም ሙቀት ያኔ ይቻላል። ሁዳዴና ረመዳን መቼ እንደሚገቡ ግን በየዓመቱ እዩ፣ ቀናቸው ይቀያየራል። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጅቡቲ ስለመደገስ የሚያወራ ሰው ካለ አንድ ቀን እዚያ በሐምሌ ውሎ ይምጣና እንነጋገር።

መሄድ የማይችሉትን ሽማግሌዎች ደግሞ ሐረማያ ውሰዷቸው። ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውኃው ተመልሷል፣ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ መንገድ ላይ ነው። እኛ ሙሽሮቹን ከእናቴ ጋር ፎቶ ያነሣነው እዚያ ነው። ከሁሉም የሚያምረው ፎቶ እሱ ነው፣ ሰማያዊ ጨርቅ የለበትም።

እናቴ ያን ሁሉ ዓመት የጅቡቲ ጨርቅ ሸጣ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። አባቴ «ጨው ነው፣ አይጠጣም» ሲላት ያን ያህል ውኃ እንዴት ጨው ይሆናል እያለች ትከራከረው ነበር። ሙሽራዋ የእህቴ ልጅ ከጅቡቲ ስትመለስ በሃይላንድ ቀድታ አመጣችላት። እማዬ በጣቷ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ሰውዬ ለካ አልዋሸኝም» አለች። እናንተም ቅዱላቸው። ክዳኑን ግን አጥብቁት፣ የእኛው ግማሹ ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ የሙሽራዋን ጫማ ጨው በጨው አድርጎታል።