ሁሉም ማሳከክ ፈንገስ ነው እንዴ?

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ብልት ማሳከክ፣ ፈሳሽና ሽታ የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባሳከከኝ ቁጥር ከፋርማሲ የፈንገስ ክኒን ገዝቼ እውጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ ይመለስብኛል። ለምን?

መልስ፦ ምናልባት ፈንገስ ስላልሆነ ነዋ! ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ፈሳሹ ነጭ፣ እንደ አይብ የተቋጠረ ነው። ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሽታ ግን እምብዛም የለውም። ፈሳሹ ስስና ግራጫ መሰል ከሆነ፣ የዓሣ ዓይነት ሽታም ካለው፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ከባሰ፣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስን (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባትን) ጠርጥሪ። እሱን ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ ክኒን አይነካውም፤ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ነው። አረፋ ያለው ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፍ ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተህዋሲ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዓይን ብቻ መለየት ለእኛም ያስቸግራል። ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ፈንገስነቱ ተረጋግጦ በዓመት አራት ጊዜ ከተመላለሰ ስኳርና ኤችአይቪ ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ ትሪኮሞናስ ተብዬ ታከምኩ። ባሌ ግን «እኔን ምንም አላመመኝም» ብሎ እምቢ አለ።

መልስ፦ ወንዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። እሱ ካልታከመ መልሶ ያስይዝሻል። ሁለታችሁም መድኃኒቱን እስክትጨርሱ ግንኙነት ይቅር። ደግሞ በሽታው ሳይታወቅ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል «ከማን አመጣኸው» የሚለውን ጠብ ለጊዜው ተዪው።

ጥያቄ፦ ውስጡን በሎሚና ሽታ ባለው ሳሙና እታጠባለሁ። ንጽሕና አይደል?

መልስ፦ ኧረ አይደለም እቴ! ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። ላክቲክ አሲድ እየሠሩ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መለኪያ) ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ያቆዩታል፤ ሌላው ተህዋሲ እንዳይራባ የሚከላከሉት እነሱ ናቸው። አንቺ የምታጥቢው እነሱን ነው። ሎሚው ያቃጥላል፣ ሳሙናው ቆዳ ያስቆጣል። ውጩን በውሃ ታጠቢ፣ ውስጡን ተዪው። አንቲባዮቲክም እነሱን ስለሚጨርስ ነው ከቶንሲል መድኃኒት በኋላ ፈንገስ የሚነሳብሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 58 ዓመቴ ነው። ፈሳሽ የለኝም፣ ይደርቃል፣ ያቃጥለኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን ይቀንሳል፤ የብልት ግድግዳም ይሳሳል። ኢንፌክሽን ላይሆን ይችላል። ሐኪም የኤስትሮጅን ክሬም ሊያዝልዎት ይችላል። ደም ካዩ ግን ቶሎ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፤ ፈንገስ ተብያለሁ። የፈንገሱን ክኒን ልዋጥ?

መልስ፦ አትዋጪ። ብልት ውስጥ የሚደረግ ክሎትሪማዞል ለ7 ቀን ይታዘዝልሻል። ስትሄጂ እርግዝናሽን ቀድመሽ ተናገሪ።