የአካውንት ስም ላስቀይር ብዬ ኮምፒውተሬ አላስገባም አለ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው የጽሕፈትና የህትመት ቤት አለው። የሠርግ ካርዱ፣ ባነሩ፣ የትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት ሁሉ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ያላቸው ሌሎቹ ማሽኖች ፋይል የሚወስዱት በኔትወርክ ከእሱ ነው። የቀድሞው ሠራተኛ ለቀቀና አዲስ ልጅ ተቀጠረች። «የአካውንቱን ስም በእሷ ስም ቀይርልኝ» ብሎ አንድ ባለሙያ ጠራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዲህ ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ልጅቷ ፓስወርዷን ስታስገባ ስክሪኑ ብልጭ ይልና መልሶ ፓስወርድ ይጠይቃታል። ፋይሎቹን በእኔ አካውንት ሳያቸው የባለቤቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ 1001 የሚል ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እኔም ሱዶ ስል ሱዶርስ ፋይል ውስጥ የለህም ይለኛል። ሰውየው ተመልሶ መጣና ፎርማት ይደረግ አለ። ላስደርገው?»

አታስደርግ። አብሽር ወንድሜ፣ ፋይሎችህ አልጠፉም። ዛሬ ዛሬ ምንም ይዘህ ብትሄድ መልሱ ፎርማት ሆኗል። ምክንያቱን መፈለግ የሰለቸው ሰው ቶሎ የሚመጣለት ቃል ነው።

ሦስቱን ምልክት አንድ ላይ ሳያቸው የምጠረጥረው ይሄን ነው። ሰውየው ስም አልቀየረም። አዲስ አካውንት ፈጠረ፣ የአዲሱን ሆም ፎልደር (የተጠቃሚው ፋይሎች የሚቀመጡበትን) ወደ አሮጌው ፎልደር አዞረ፣ ከዚያ አሮጌውን አካውንት ሰረዘ። ቅደም ተከተሉም በዚሁ መልክ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሰርዞ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ የተለቀቀውን የተጠቃሚ ቁጥር 1001 ለልጅቷ ይሰጣት ነበር፤ አንተም ምንም ሳይታወቅህ ሥራህን ትቀጥል ነበር። እሱ ግን አስቀድሞ ስለፈጠረ 1002 ደረሳት። የአንተ ሱዶ፣ ማለትም ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የማስኬድ መብትህ፣ የጠፋው ደግሞ በሌላ ስህተት ነው፤ እመጣበታለሁ።

ጥርጣሬዬን ሱዶ ሳያስፈልግህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ አንተ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ትመታቸዋለህ። ትልቅ ፊደል ሲሆን እነግርሃለሁ፤ ካልነገርኩህ ሁሉም ትንንሽ ነው። የቀድሞውን አካውንት «አሮጌ»፣ የልጅቷን «አዲስ» እንበላቸው። «አይዲ አዲስ» ብለህ ምታ። ዩአይዲ (የተጠቃሚው ቁጥር) 1002 ካለህ አንድ አልን። ቀጥለህ «ኤልኤስ ዳሽ ኤልኤን ስላሽ ሆም» በል። የአሮጌው ፎልደር አጠገብ 1001 1001 ካየህ ጨረስን። የልጅቷ ዩአይዲና የፎልደሩ ቁጥር ከተመሳሰሉ ግን ጥርጣሬዬ ስቷል ማለት ነው። ያኔ «ዲኤፍ ዳሽ ኤች» ብለህ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እይ፤ የሞላ ዲስክም ልክ እንዲህ ብልጭ አድርጎ ይመልሳል።

አሁን ትንሽ ላስቸግርህ፤ ይቺን ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ሊኑክስም ሆነ ሌላው የዩኒክስ ዘር ሰውን በስሙ አያውቀውም። የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ፋይል ስትፈጥር ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ስምህ ሳይሆን ዩአይዲህ ነው። የእኛን ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለውን፣ አስበው። ልቅሶ መድረሱም መዋጮውም የሚመዘገበው በአባልነት ቁጥር ነው እንበል። አንድ አባል ስሙን ቢለውጥ ጸሐፊው ሽፋኑ ላይ ስሙን ያርማል፣ መዋጮው እንዳለ ይቀጥላል። በአዲስ ቁጥር አዲስ አባል አድርጎ ቢመዘግበው ግን የከረመው መዋጮ ባለቤት ያጣል። ያንተም ፋይሎች የ1001 መዋጮ ናቸው፤ 1001 የሚባል አባል ግን መዝገቡ ላይ የለም። ኤልኤስ ስም የሚያሳይህ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ፈልጎ ነው። ሲያጣው ያው ቁጥሩን ይሰጥሃል።

መዝገቡ «ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ፓስወርድ» ነው፤ ሲጻፍ ኦ እና አር የሉበትም። እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ የተለዩ ሰባት ክፍሎች አሉት። ስም፣ ኤክስ የምትል ምልክት፣ ዩአይዲ፣ የግሩፕ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ሆም ፎልደር፣ ሼል (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም)። ኤክሷ የቆመችው ድሮ ፓስወርዱ በነበረበት ቦታ ነው፤ ፋይሉን ሁሉም ማንበብ ስለሚችል ፓስወርዱ ሻዶው ወደሚባለው ፋይል ተዛወረ። አምስተኛው ክፍል ጌኮስ ይባላል፤ የእሱ ታሪክ ላንተ ለአታሚው ይሆናል። ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ዩኒክስን የሠሩት ሰዎች ህትመት ሲኖራቸው ወደ ሌላ ትልቅ ማሽን ይልኩት ነበር። የዚያ ማሽን ሲስተም የጀነራል ኤሌክትሪኩ ጌኮስ ነው። እዚያ የሚጠየቁትን መለያ የሚያስቀምጡበት ቦታ ሲፈልጉ ይቺን ክፍል አገኙ። ማሽኑ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። ሎጊን ስክሪንህ ላይ የሚታየው ሙሉ ስም የሚነበበው ከዚችው ክፍል ነው። የፈለግከው ስክሪኑ ላይ የልጅቷ ስም እንዲታይ ብቻ ከነበረ «ሱዶ ሲኤችኤፍኤን ዳሽ ኤፍ» ብሎ ሙሉ ስሙን መለወጥ ይበቃ ነበር። ለዚያ ነው እንዲህ የተቃጠልኩት።

ይብቃኝ፤ ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ሱዶህን እንመልስ። ሰውየው አንተን የጋራ ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባህ ፈልጎ አካውንት የሚለውጠውን ዩዘርሞድ የሚባል ትእዛዝ በዳሽ ትልቁ ጂ ብቻ መትቶታል። ትንሿ ኤ ከጎኗ ከሌለች ያ ትእዛዝ «ከዚህ ሌላ ምንም ግሩፕ አይኑረው» ማለት ነው። ሱዶ ራሱ ግሩፕ ስለሆነ አብሮ ተጠረገ። ይሄን ስህተት እኔ ጋ ከሚመጡት ማሽኖች ላይ ደጋግሜ አየዋለሁ።

ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታበራ ሺፍትን ተጭነህ ያዝ፤ ማሽኑ አዲስ ከሆነ ኢስኬፕን አንዴ ንካ። ግረብ የሚባለው የማስነሻ ሜኑ ይመጣል። አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሪከቨሪ ሞድ፣ ከዚያ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) የሚለውን ምረጥ። (ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ የቻለ ሁሉ ይሄን ማድረግ ይችላል፤ ማታ ክፍሉን ቆልፍ።) እዚያ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ሊከፈት ስለሚችል «ማውንት ዳሽ ኦ ሪማውንት ኮማ አርደብሊው ስላሽ» በል፤ ኮማዋ የምልክቷ ኮማ ናት፣ ከስላሹ በፊት ክፍተት አለ። ቀጥለህ «ዩዘርሞድ ዳሽ ኤ ዳሽ ትልቁ ጂ»፣ ከዚያ የግሩፖቹ ስም በኮማ እየተለየ ያለ ክፍተት፦ ሱዶ፣ ኤዲኤም፣ ፕላግዴቭ፣ ኤልፒአድሚን። መጨረሻ ላይ የራስህን የአካውንት ስም ጻፍ። ኤልፒአድሚንን እንዳትረሳት፣ ፕሪንተር የምትጨምረው በእሷ ነው። «አይዲ» ብለህ ስምህን አስከትል፤ ሱዶ የሚለው ከታየ ሪስታርት አድርግ።

ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የፋይሎቹን ቅጂ ያዝ። እባክህ ከመንገድ ላይ በተገዛ «2 ቴራ» ፍላሽ አይሁን። እነዚያ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ስለ መጠኑ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። ትንሽ ጊዜ በደንብ ይጽፋሉ፣ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ምንም ሳይናገሩ ፋይሉን ይበሉታል። ስንት የሠርግ ፎቶ እንዲህ ቀርቷል መሰለህ። ደህና ሃርድ ዲስክ ግዛ፣ ታር በሚባለው ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ጠቅልለህ አስቀምጥ። ሳትጠቀልል ፋት ወይም ኤክስፋት ወደሆነ ዲስክ ከገለበጥክ የባለቤት መረጃው አብሮ አይሄድም፤ ፋት 32 ላይ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይገባም። ዩፒኤስህም ባትሪው የሞተ ከሆነ መብራት በማይዋዥቅበት ሰዓት ሥራ።

አሁን በራስህ አካውንት ግባ፣ ተርሚናል ክፈት፣ «ሱዶ ዳሽ አይ» ብለህ ሩት ሁን። ይቺን መስኮት እስከ መጨረሻው እንዳትዘጋት። ሙከራውን ሁሉ በሌላ መስኮት ታደርጋለህ፤ የተበላሸ ነገር ካለ የምታስተካክለው በዚች ነው። ፓስወርድ፣ ሻዶው፣ ግሩፕ እና ጂሻዶው የሚባሉትን አራት ፋይሎች ከኢቲሲ «ስላሽ ሩት» ወደሚባለው ፎልደር ገልብጣቸው።

ልጅቷ ከማሽኑ ትውጣ። ተጠቃሚው ፕሮሰስ እያሄደ ከሆነ ዩዘርሞድ እምቢ ይልሃል። «ጌትኤንት ፓስወርድ 1001» (እዚህም ኦ እና አር የሉም) እና «ጌትኤንት ግሩፕ 1001» በል፤ ሁለቱም ምንም መመለስ የለባቸውም። ቁጥሩ ሰው ካለው ቁም፣ መጀመሪያ ጻፍልኝ። ከሌለው ግን፦

«ዩዘርሞድ ዳሽ ዩ 1001 አዲስ»
«ግሩፕሞድ ዳሽ ጂ 1001 አዲስ»

ይሄ ዋናው ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ባለቤት መቀየር ሳያስፈልግህ ልጅቷን ወደ ቁጥሩ አመጣሃት። ሆም ውስጥ በ1002 የተመዘገበውን ዩዘርሞድ ራሱ ያስተካክለዋል። ከሆም ውጭ ያለውንና የግሩፕ ቁጥሩን ግን አይነካም። እነሱን «ፋይንድ ስላሽ ዳሽ ኤክስዴቭ ዳሽ ዩአይዲ 1002» ብለህ ፈልግ፤ ሁለተኛ ጊዜ ዩአይዲ በሚለው ቦታ ጂአይዲ (የግሩፕ ቁጥር) አድርገህ ድገመው። በዩአይዲ የተገኘውን በሲኤችኦውን፣ በጂአይዲ የተገኘውን በሲኤችጂአርፒ ለአዲስ ስጥ። ሲኤችኦውንን በትልቁ አር በስላሽ ላይ እንዳትለቀው፤ ያኔ እውነትም ፎርማት ነው የሚጠብቅህ።

ከዚያ የፎልደሩን ስም። ሆም ውስጥ «አዲስ» የሚባል ባዶ ፎልደር ተፈጥሮ እንደሆነ እይ፤ ካለ ስሙን ለውጠህ ገለል አድርገው፣ አለዚያ ማዛወሩ አይሠራም። «ዩዘርሞድ ዳሽ ዲ ስላሽ ሆም ስላሽ አዲስ ዳሽ ኤም አዲስ» በል። የሩት መስኮትህ ክፍት ነው አይደል? ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3 ተጭነህ በጥቁሩ ስክሪን በልጅቷ ስም ግባ፤ «ተች ሙከራ» ብለህ ፋይል ፍጠር። ከፈጠረ ወደ ግራፊኩ ተመለስና በዚያ ትግባ። አሁንም ብልጭ ብሎ ከመለሳት ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው በነጥብ የሚጀምር ፋይል (ኤክሷ ትልቅ ናት) የሩት ሆኖ ይሆናል፤ አጥፋው፣ ስትገባ ራሱ ይፈጠራል። በሌላ ተርሚናል ያንተም ሱዶ መሥራቱን ሞክር። ሁሉም ከሠራ ብቻ የሩቷን መስኮት ዝጋ።

ወደፊት ስም ብቻ መቀየር ከፈለግክ «ዩዘርሞድ ዳሽ ኤል አዲስ አሮጌ» ነው፤ አዲሱ ስም ይቀድማል። ግሩፑን «ግሩፕሞድ ዳሽ ኤን አዲስ አሮጌ»፣ ፎልደሩን ከላይ ባልኩህ። መዝገቡን በእጅ የግድ መንካት ካለብህ በቪአይፒደብሊው ክፈተው፤ ሌላ ፕሮግራም በዚያው ሰዓት እንዳይጽፍበት ይቆልፈዋል። ያኔም የሩት መስኮት ክፍት ይሁን። እኔን ብትጠይቀኝ ግን የለቀቀን ሰው አካውንት ለሌላ ሰው አላወርስም። «ዩዘርሞድ ዳሽ ትልቁ ኤል» ብዬ ፓስወርዱን እቆልፋለሁ፣ ከሩቅ መግቢያው የኤስኤስኤች ቁልፍ ካለው በዚያ እንዳይገባ «ዩዘርሞድ ዳሽ ኢ 1» ብዬ ጊዜውን እዘጋለሁ፣ ለአዲሷ የራሷን እፈጥራለሁ፣ የሥራ ፋይሎቹን በጋራ ግሩፕ ፎልደር አደርጋለሁ።

የቀረው ኔትወርኩ ነው። ፎልደሩ ስሙ ስለተለወጠ ዊንዶውሶቹ ሼሩን ያጡታል። ፋይሉን የሚያጋራላቸው ሳምባ የሚባል ፕሮግራም ነው። ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ሳምባ ውስጥ ያለውን ኤስኤምቢ ነጥብ ኮንፍ ክፈትና ፓዝ የሚለው መስመር ላይ አሮጌውን በአዲስ ተካ። ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ ስላለው «ኤስኤምቢፓስወርድ ዳሽ ኤ አዲስ» ብለህ ልጅቷን አስገባት፤ እዚህም ትእዛዙ ውስጥ ኦ እና አር የሉም። «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኤስኤምቢዲ» በልና ከአንዱ ዊንዶውስ ላይ አንድ የሠርግ ካርድ ከፍታ፣ አስተካክላ፣ እዚያው ሴቭ ታድርግ።