ዱክ ኤሊንግተን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ዱክ ኤሊንግተን ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዱክ» የመሳፍንት ማዕረግ ነው። የመኳንንት ዘር አለበት እንዴ?

የለበትም። ስሙ ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን ነው፤ በ1899 ዋሺንግተን ዲሲ ተወለደ። አባቱ በሀብታም ቤት አሳላፊ ነበሩ። ልጁ ሽክ ብሎ መልበስ ስለሚወድ ጓደኞቹ «ዱክ» አሉት፤ በዚያው ጸና።

ጥያቄ፦ በፒያኖ ከእሱ የሚፈጥኑ ብዙ አሉ። ትልቅነቱ ምኑ ላይ ነው?

አጻጻፉ ላይ! ፒያኖውን አሳምሮ ይጫወታል፤ የልቡን የሚናገረው ግን በባንዱ ነው። በ1930 የተቀዳውን «ሙድ ኢንዲጎ» ክፈቱና መግቢያውን ብቻ ስሙ። ሦስት የትንፋሽ መሣሪያዎች አብረው ይገባሉ። በተለመደው አሠራር ክላርኔት ከላይ፣ ትሮምቦን ከታች ነው። እሱ ገለበጠው። የታፈነ (ድምፁ እንዲለዝብ አፉ የተከደነ) ትራምፔት ከላይ፣ የታፈነ ትሮምቦን በቀጭን ድምፁ ከሥሩ ተጠግቶ፣ ክላርኔቱ ደግሞ በወፍራሙ ከሁለቱም በታች። ሦስቱ ሲዋሃዱ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያቅታል። ስንት ጊዜ ሰምቼው ዛሬም ይገርመኛል።

ደግሞ የሚጽፈው ለመሣሪያው ሳይሆን ለሰውየው ነው። የባንዱ ትራምፔት ተጫዋች ኩቲ ዊሊያምስ የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበትን ላስቲክ ትራምፔቱ አፍ ላይ እየከደነና እየከፈተ እንደ ሰው ያናግረው ነበር። ኤሊንግተን ያንን አይቶ በ1940 በስሙ «ኮንሰርቶ ፎር ኩቲ»ን ጻፈለት። ባሪቶን ሳክስፎን ተጫዋቹ ሃሪ ካርኒ ደግሞ በ1927 ገብቶ ኤሊንግተን እስኪያርፍ አብሮት ቆየ። ሙዚቀኛውን እንዲህ ለረጅም ጊዜ ካላወቁት እንዲህ አይጻፍለትም።

ጥያቄ፦ «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» የተባለው ሙዚቃ የእሱ አይደለም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አብሮት ይሠራ የነበረው የሙዚቃ ደራሲ የቢሊ ስትሬይሆርን ሥራ ነው። በ1941 የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎችና የሙዚቃ ደራሲያን ማኅበር በክፍያ ተጣሉና የአባላቱ ሙዚቃ ከአየር ወረደ። ኤሊንግተን አባል ነበር፤ ወጣቱ ስትሬይሆርን ግን አልነበረም። ስለዚህ የእሱ ሥራዎች ወደ ፊት መጡ፤ ይህችኛዋም የባንዱ መለያ ሆነች። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የኤሊንግተን ናት ብሎ ማመኑ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ አባቴ «አዲስ አበባ መጥቶ ነበር» ይላሉ። መጥቷል?

አባትህ ልክ ናቸው። በ1973 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው ጉዞ ባንዱን ይዞ መጥቷል። ሙላቱ አስታጥቄም ከባንዱ ጋር በእንግድነት ተጫውቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ኒሻን ሸልመውታል። ያኔ 74 ዓመቱ ነበር፤ በ1974 ግንቦት ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። አባትህ በቦታው ከነበሩ ያዩትን ጽፈህ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ከየት ልጀምር?

ከ1940 እስከ 1942 ከተቀዱት። ቀጥሎ በአሜሪካ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል ላይ በ1956 ያቀረበውን ኮንሰርት ስማ። የባንዱ ፖል ጎንሳልቬስ በቴነር ሳክስፎኑ የሙዚቃውን ዙር 27 ጊዜ እየደጋገመ ሳያቋርጥ ተጫውቶ ሕዝቡን ከወንበሩ አስነስቶ ያስጨፈረው እዚያ ነው።