ስም፣ ስልክ፣ ወረዳ፦ የመመዝገቢያ ገጽ ጥያቄዎች

ማኅበራትና ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን ፖርታል (የአባላት ድረ ገጽ) የሚያሠሩበት ጊዜ ሳይሆን አልቀረም፤ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መመዝገቢያ ገጽ ናቸው።

«ለበግ አርቢዎች ማኅበር ፖርታል እየሠራሁ ነው። ያገኘሁት ዝግጁ ፎርም ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠይቃል። ደግሞም የተመዘገበን አባል በስሙ ስፈልገው የማላገኝበት ጊዜ አለ።» ከመሐል ሜዳ

ሦስት ሳጥን ያድርጉት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ይህ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው ከሳጥኑ ጀርባ ያለው ማጣሪያ ነው። ለላቲን ፊደል የተጻፈ ማጣሪያ «ከ3 ፊደል በታች አይቻልም» ይልና ሐናን፣ ዓሊንና ሙሉን ከበር ይመልሳል። ክፍት ቦታ ከከለከለ ወልደ ማርያም አይገባም፤ ምልክት ከከለከለ ደግሞ ገ/ሥላሴ ብሎ መጻፍ የለመደው ትቶት ይሄዳል። እነዚህን ያንሷቸው።

ፍለጋውን በተመለከተ፣ ኃይሉን አንዱ ሀይሉ፣ ሌላው ሐይሉ ብሎ ይጽፈዋል፤ ለኮምፒዩተር ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አባሉ የጻፈውን እንዳለ ያስቀምጡ። ከጎኑ ተጠቃሚው የማያየው ሌላ ዓምድ ይጨምሩና ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው ይግቡበት፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሁሉም፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሃ፣ ሓ እና ኃም ወደ ሀ፣ ዓ እና ኣም ወደ አ ይለወጡ። ፍለጋው በዚያ ዓምድ ይሂድ። በሚታየው መዝገብ ላይ ግን የሰውን ስም ማረም የፕሮግራመር ሥራ አይደለም።

«ኢሜይል ግዴታ ስላደረግን የሚመዘገብ ጠፋ። በስልክ ቁጥር ብንተካውስ?» ከደብረ ብርሃን

ይተኩት፣ ኢሜይሉ በፈቃድ ይሁን። በ09 የሚጀምረውን ብቻ የሚቀበል የቆየ ማጣሪያ ካለዎት የሳፋሪኮም ደንበኞች በ07 ስለሚጀምሩ ያስተካክሉት። ሰው ቁጥሩን በ0፣ በ251፣ በ+251፣ እያራራቀም ይጽፋል። ከመመዝገቡ በፊት ሁሉንም +251 እና 9 አኃዝ ወዳለው መልክ ይለውጡ፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ስልኩ የራሱ መሆኑን ለማወቅ በአጭር መልእክት የሚላክለት የማረጋገጫ ኮድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጊዜው ይለፍ፣ የሙከራው ብዛትም ይገደብ። ባለ 6 አኃዝ ኮድ አንድ ሚሊዮን አማራጭ ብቻ ነው ያለው፤ ካልተገደበ ማሽን ይደርስበታል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በገጠር ቤት አንድ ስልክ ባልም፣ ሚስትም፣ ልጅም ይጠቀሙበታል። ዳታቤዙ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ብሎ የሚመልሳት ብዙውን ጊዜ ሚስትየዋን ነው። ለእያንዳንዱ አባል የራሱን የአባልነት ቁጥር ይስጡ፤ በአንድ ስልክ ሁለት አባላት ካሉ ከኮዱ በኋላ «የትኛው ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

«የወረዳ ዝርዝር አስገብቻለሁ፤ ሰዎች ግን ቦታችን የለም ይላሉ።» ከዓለም ከተማ

ዝርዝርዎ መርሐቤቴ ይላል፣ ሰውየው ዓለም ከተማን ይፈልጋል። እነዋሪ ከተማና «ሞረትና ጅሩ» ወረዳም እንዲሁ ናቸው። ከወረዳው ስም አጠገብ ከተማውን ይጻፉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ክልል ያስመርጡ፤ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም አለ፣ አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ፍቼ ነው።

«የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን?» ከሸዋ ሮቢት

አዎ። የወር ዝርዝሩ 13 መሆኑን፣ ጳጉሜንም በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንዳላት ያረጋግጡ። ቀኑን የማያውቅ ሰው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሞልቶ ይለፍ።

«የይለፍ ቃሉ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት እንዲኖረው አስገድጃለሁ፤ ሁሉም እየረሳው ነው።» ከደብረ ሲና

ግዴታውን ያንሱት። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ግዴታ እንዲቀር መክሯል። ርዝመቱ ይበልጣል፤ በአማርኛ መጻፍም ይፈቀድ። ዋናው አቀማመጡ ነው፦ አርጎን2 ወይም ቢክሪፕት በሚባል፣ ቃሉን ወደ ኋላ ሊመለስ ወደማይችል መልክ በሚለውጥ ስልት ተለውጦ ይቀመጥ እንጂ እንዳለ አይቀመጥ። «ረሳሁ» ሲባል የድሮውን የይለፍ ቃል መልሶ የሚልክ ፖርታል ካለዎት ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

«የመታወቂያ ፎቶ ብናስጭንስ?» ከደብረ ብርሃን

ለምን? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለተባለው ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይሰበሰብ ይጠይቃል። ስብሰባ ለመጥራትና ዋጋ ለመንገር ስምና ስልክ ይበቃል። የግድ ካስፈለገ ግን ፎቶውን ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ ከመጫኛው ቁልፍ ሥር ይጻፉ።