የጥቁር አሜሪካውያን የኮሌጅ ፍራተርኒቲዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የቱ ነው? ለምንስ ተቋቋመ?

ፍራተርኒቲ ማለት የወንድ ተማሪዎች የወንድማማችነት ማኅበር ነው። በተማሪዎች ተመሥርተው እስከ ዛሬ ከዘለቁት የጥቁሮች ፍራተርኒቲዎች ቀዳሚው አልፋ ፋይ አልፋ ነው፤ ዲሴምበር 4 ቀን 1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1904/05 ኮርኔል ከነበሩት ጥቁር ተማሪዎች 6ቱ በቀጣዩ ዓመት አልተመለሱም። የነጮቹ ማኅበራት ጥቁር አይቀበሉም፤ አብሮ የሚያጠና፣ ያለፈ ፈተና የሚያውስ፣ ማደሪያ የሚጠቁም ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። የቀሩት በጥናት ቡድን ጀመሩ። «ቡድን ሆነን እንቅር» እና «ፍራተርኒቲ እንሁን» በሚል ተከራክረው ሁለተኛው አሸነፈ፤ መሥራች የሚባሉት 7 ናቸው። አንዳንዶች 1904 ፊላዴልፊያ የተቋቋመውን ሲግማ ፓይ ፋይ ያስቀድማሉ፤ እሱ ግን ሥራ የያዙ ምሩቃን ማኅበር እንጂ የተማሪ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ እዚያ ችግር አልነበረም አይደል?

ነበር እንጂ። ኦሜጋ ሳይ ፋይ ኖቬምበር 17 ቀን 1911 ሃዋርድ ውስጥ በ3 ተማሪዎችና በአማካሪያቸው በባዮሎጂስቱ ኧርነስት ጀስት ሲመሠረት፣ አስተዳደሩ አገር አቀፍ ማኅበር አልፈልግም አለ። የተማሪዎቹ ዓላማ ደግሞ በየካምፓሱ ቻፕተር (ቅርንጫፍ) መክፈት ነበር፤ ስለዚህ ገፍተውበት በ1914 ሕጋዊ ሰውነት አገኙ። በዚያው ዓመት ፋይ ቤታ ሲግማ እዚያው ተወለደ፤ የጋናው መሪ ንኩሩማና የናይጄሪያው መሪ አዚኪዌ የዚህ አባላት ነበሩ። ካፓ አልፋ ሳይ በ1911 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ፣ አዮታ ፋይ ቴታ በ1963 ሞርጋን ስቴት ተመሠረቱ። ከ4ቱ የሴቶች ሶሮሪቲዎች ጋር 9 ይሆናሉ፤ «ዲቫይን ናይን» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከተመረቁ በኋላ አባልነቱ ያበቃል?

አያበቃም። የምሩቃን ቻፕተር አለ፤ መዋጮው፣ ስብሰባውና የበጎ አድራጎት ሥራው ይቀጥላል። ዋሽንግተን ላይ በ2011 የተከፈተውን የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ሐሳብ ያመነጨው ኪንግ ራሱ አባል የነበረበት አልፋ ነው፤ ኮንግረስ የፈቀደው ደግሞ በ1996 ነበር። 15 ዓመት ገንዘብ ማሰባሰብ ለተማሪ ክበብ የሚሞከር አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሜሪላንድ ነው የሚማረው፤ ሊገባ ይፈልጋል። ዘራችን ችግር ይሆናል? ድብደባ አለ ሲሉም እሰማለሁ፤ እባክዎ ያስረዱኝ።

እህቴ፣ ዘር አይከለክልም፤ አልፋ ከ1945 ጀምሮ ጥቁር ላልሆኑም ክፍት ነው። ሕጋዊው መንገድ እንዲህ ነው፦ ቻፕተሩ በይፋ ለጠራው የመረጃ ስብሰባ መገኘት፣ ማመልከቻና ትራንስክሪፕት ማስገባት (አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ይጠየቃል)፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ አጭር ሥልጠና። ክፍያው ማኅበሩ ባስቀመጠው መንገድ እንጂ በአንድ አባል ስልክ አይላክም።

ድብደባውን በተመለከተ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። በ1989 ሞርሃውስ ኮሌጅ አንድ ተማሪ ከሞተ በኋላ፣ ማኅበራቱ በ1990 ለሳምንታት የሚዘልቀውን «ፕሌጂንግ» (የዕጩ አባላት የሙከራ ጊዜ) ሰረዙ። ችግሩ፣ ያለ እሱ የገባውን «ወረቀት አባል» እያሉ የሚንቁ ስላሉ ድርጊቱ ተደብቆ ቀጠለ፤ ተደብቆ ስለሚደረግም የሚያስቆም ትልቅ ሰው በአጠገቡ የለም። ማመልከቻ ሳይከፈት ሌሊት የሚጠሩት፣ ስልኩን የሚወስዱበት ወይም ለምሳና ለልብስ ገንዘብ የሚያስከፍሉት ከሆነ ይተው፤ ለዩኒቨርሲቲውና ለማኅበሩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያመልክት። በ2024 መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ጥፋተኛ የተባሉ ማኅበራትን በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ ያስገድዳል። ከመመዝገቡ በፊት የቻፕተሩን ስም እዚያ ይፈልግ።