ጥንድ ሆኖ ብቸኛ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ማስረዳቱ ግን ያለ አማርኛ አይሆንም። «ሎን ፔር»ን፣ ማለትም አተሙ ከሌላ አተም ጋር ያልተጋራውን የኤሌክትሮን ጥንድ፣ «ብቸኛ ጥንድ» ስል ልጆቹ «ጥንድ ከሆነ ምኑ ነው ብቸኛ?» ብለው ይስቃሉ። ውሃ ላይ ስንት አለ ስላቸውም ግማሹ 2፣ ግማሹ 4 ይላል። ምን ልበል?

መልስ፦ በሳቁ አይከፉ፣ መምህር። ሁለት ሆኖም ብቸኛ መሆን አለ። ልጆቻቸውን ድረው ባዶ ቤት የቀሩ ባልና ሚስት ብቸኞች ናቸው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አማርኛ «ብቸኛ» ሲል «ከእሱ በቀር የለም» ማለቱም ነው፤ ብቸኛው መንገድ፣ ብቸኛው ምስክር እንደምንለው። አሞኒያ ላይ ያስኬዳል፤ ናይትሮጅኑ ያለው አንድ ጥንድ ብቻ ነዋ። ውሃ ላይ ግን «ሁለት ብቸኛ ጥንድ» ልንል ነው!

እኔ ብሆን «የግል ጥንድ» እላለሁ። ሁለት አተሞች ተጋርተውት ለሚያያዙበት ለቦንዱ ደግሞ «የጋራ ጥንድ»።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆነው መቀናጆን አይርሱት። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ኦክስጅንን 6 በሬ ያለው ገበሬ ያድርጉት፤ ስድስቱ የውጨኛው ሼል ኤሌክትሮኖች ናቸው። አራቱ ሁለት ጥማድ ሆነዋል፣ ሁለቱ ግን ነጠላ ናቸው። ሃይድሮጅኖቹ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። ነጠላዎቹ ከእነሱ በሬ ጋር ይቀናጃሉ፤ ሁለቱ ጥማድ የግል ሆነው ይቀራሉ። ፍሎሪን 7 በሬ አለው። ከአንድ ሃይድሮጅን ጋር ተቀናጅቶም 3 የግል ጥማድ ይተርፈዋል። የሚቴን ካርቦን አራቱንም ለመቀናጆ ስላዋለ የግል የለውም።

«ያልተጣመረ ኤሌክትሮን» የሚለውን ለዚህ አያውሉት። እሱ ገና ያልተቀናጀው ነጠላ በሬ ነው።

2 ወይስ 4 ላሉት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጎዶሎው ጥያቄዎ ነው። «ስንት አለ?» ሲባል ጥንዱም በሬውም ይቆጠራል። «ስንት ጥንድ?» ይበሉ፤ መልሱ 2 ነው። «ስንት ኤሌክትሮን?» ካሉ 4። ብቻ «ሁለት ጥንዶች ኤሌክትሮኖች» እንዳይሉ። ገበያ ወጥቶ «ሁለት ጥንዶች በሬዎች ሸጥኩ» የሚል ሰው አልገጠመኝም።